የተቃመው ማስረጃ

ካፒቴን ናፉላን የማውቃት ገና ረዳት አብራሪ ሳለች ነው። እኔ የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ፤ አብራሪን የምመዝነው አውሮፕላኑን እንዴት አድርጎ እንደሚመልስልኝ አይቼ ነው። እሷ ከጭቃ ሜዳ ስትመለስ ጎማውን ራሷ ጎንበስ ብላ ታያለች። የቡንጎማ አናጺ ልጅ ናት፤ ኡጋሊዋን፣ የበቆሎ ገንፎዋን፣ ከእኛው ጋር በእጇ ጠቅልላ ትበላለች። በእሷ ላይ የተፈረደውን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከናይሮቢ ወደ ሞቃዲሾ ጫት የሚወስድ አውሮፕላን ሁለት ጊዜ ይጫናል። መጀመሪያ በሚዛን፤ ቀጥሎ አብራሪዎቹ ፊት ለፊት ገብተው ሲቀመጡ፣ በኋላ በር በኩል ሳይመዘን "የዘመድ ጆንያ" ይወረወራል። የጫኙ ዘመድ፣ የዘበኛው ዘመድ፣ የቢሮው ሰውዬ ዘመድ። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

አደጋው በደረሰ ዕለት ናፉላ አውሮፕላኑን አስሮጠች። "ከዚህ ፍጥነት በኋላ መብረር እንጂ ማቆም የለም" የሚባለውን እንዳለፈች ግራው ሞተር ጠፋ። መሪውን ሳበች። አፍንጫው ቀና አለ፤ ጎማው ግን ከመሬት አልላቀቅ አለ። ፍሬን ያዘች። አውሮፕላኑ አጥሩን ጥሶ ቦይ ውስጥ ገባና ክንፉ ተሰበረ። ሰው ሁሉ በእግሩ ወጣ።

ከእሳት አደጋ መኪና ቀድሞ የደረሰው የሰፈሩ ሰው ነበር። ጆንያው በጀርባም በብስክሌትም ተጋዘ። መርማሪዎቹ ጭነቱን ሊመዝኑ ሲመጡ ያገኙት የተላጠ ቀንበጥ ብቻ ነው። የራሳቸው ሹፌር እንኳ ጉንጩን ወጥሮ ቆሞ ነበር።

የምርመራ ጉባኤውን የመሩት ካፒቴን ሙቱሪ ናቸው፤ ናፉላን መብረር ያስተማሯት እሳቸው።

"ሦስት ካፒቴኖች በበረራ ማስመሰያው ማሽን ሞክረውታል። ሦስቱም ከመሬት ተነስተዋል። አንቺ ምን ነካሽ?"

"ሞተሩ እንደሚጠፋ ነግራችኋቸው ነበር?"

"እንዳይደነግጡ ነዋ!"

"በምን ያህል ጭነት?"

"ወረቀቱ ላይ ባለው።"

"የዘመድ ጆንያውስ፣ አባቴ?"

"የት አለ? አምጪውና እንመዝነው!" አለ ከጎናቸው የተቀመጠው።

ሳቁ። ማንዳዚ የሚሉት ጥብስ ዳቦ አፋቸው ውስጥ እያለ ሳቁ! እሷ በቅጽበት የወሰነችውን እነሱ በሻይ እያወራረዱ ወር ሙሉ ሲያላምጡት ከረሙ።

እኔም ተጠራሁ።

"ፍሬኑ ይሠራ ነበር?"

"ይሠራ ነበር። ጆንያው ሲገባ ግን በዐይኔ..."

"የተጠየቅኸውን ብቻ! ይበቃል፣ ውጣ።"

ፍርዱ አጭር ነበር፤ መብረር ሲገባት አቁማለች፣ ፈቃዷ ተሰርዟል። ሙቱሪ ፈረሙ። ናፉላ ወጣች።

ከበሩ ማዶ ወዳለችው ሻይ ቤት ይዣት ሄድኩ። ብርጭቋን እንደያዘች ነው፤ አልጠጣችም። ሙቱሪ ብቻቸውን መጡና ግራ ቀኝ ቃኝተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

"ልጄ፣ በልብሽ አትያዥው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ብሆን ፍሬን ነበር የምይዘው።"

ናፉላ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ታዲያ እዚያ ውስጥ ለምን አላሉትም?"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ማዟዟር ጀመሩ።

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ለማሰብ ጊዜ አልሰጡኝም።"