ባለሜዳ የሌለው ጨዋታ

እግሬ ቤት አይወድም። ሦስት ሴት ልጆች ድሬ ሦስት ከተማ ስለተበተኑ፣ አንዷ ጋ ሰነበትኩ ስል ሌላዋ ትናፍቀኛለች። ኡካ ያለችው ልጄ ጋ ስሰነብት ግን ኳስ ሜዳ አልቀርም ነበር፤ ልጇ በረኛ ነው።

ድሮ ደሞዝ ወደሚከፈልበት ሊግ ለማደግ ጥሎ ማለፍ የሚገቡት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። አንድ ዓመት ግን ስምንት ይሁኑ ተባለና የእኛም ቡድን በመጨረሻዋ ቦታ ገባ። ሰው አሾፈብን። እኔ ግን ተንፈስ አልኩ። የልጅ ልጄን አባቱ «ዘንድሮ ካላለፍክ ኳሱን ትተህ ቡና ማሳው ውስጥ ትገባለህ» ብሎት ነበርና።

ጨዋታው መቱ፣ በገለልተኛ ሜዳ ነው አሉ። «ገለልተኛ ደግሞ ምንድን ነው?» ብዬ የልጅ ልጄን ጠየቅኩት።

«አኮ፣ የእኛም የእነሱም ያልሆነ ሜዳ ነው። ደጋፊ እንዳይጣላ።» አያቱን «አኮ» ነው የሚለኝ።

በእኛ ዘንድ እንግዳውን ቡድን ምሳ የሚያበላው ባለሜዳው ነው። ባለሜዳ ከሌለስ? እኛ ሴቶቹ ለልጆቻችን እንያዝላቸው ተባብለን የጎደሬ ቅቅል፣ ዳቦና አንድ እንስራ እርጎ ሚኒባስ ላይ ጫንን።

መቱ ስንደርስ ተጋጣሚዎቻችን፣ የዳሪሙ ልጆች፣ አጥሩ ጥላ ስር ተቀምጠዋል። ማልደው በእግር ወጥተው፣ ከዚያ መኪና ለምነው ነው የደረሱት። እንደ ወትሮው ምሳ ይጠብቀናል ብለው ቁራሽ እንኳ አልያዙም። ማለፍ አቃተኝ። ከሁሉም እኩሌታውን አንስቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ።

አምበላቸው ብድግ አለ። «እማማ፣ የእርስዎ ልጆች ምን ሊበሉ ነው?»

«የተረፈውን። ብሉ እናንተ።»

የልጅ ልጄ ከሩቅ አይቶኝ ኖሮ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ እንኳ አኮ? ዛሬ እንኳ ለእኔ ብታዳዪ ምን ነበረበት?» አለኝ።

ጎረቤታችን ጣልቃ ገባች። «ተዋት አንተ፤ እርጎውን ያጠጣቻቸው አውቃ ነው። ከእረፍት በኋላ ያንቀላፋሉ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም።

አላንቀላፉም። ጨዋታው ሊያበቃ ሲል ያ አምበል በግንባሩ ገጭቶ አገባ። የእኔው ልጅ መሬት ላይ በሆዱ ተደፍቶ ቀረ። እጁን ይዞ ያስነሳውም ያው አምበል ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ኡካ ተመለስን። በማብላቴ አልተጸጸትኩም፤ ልጁን ቀና ብዬ ለማየት ግን አፈርኩ። አባቱ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። ውጤቱን ሰምቷል፣ ምሳውንም ሰምቷል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ልል ስል ልጁ ቀደመኝ።

«እሷን እንዳትናገራት። ኳሷን ዘግይቼ ነው ያየኋት። ነገ ቡናው ጋ አብሬህ እወጣለሁ።»

አባቱ ቦርሳውን ከትከሻው አወረደለት። «ነገማ እሁድ ነው» አለ።

ሰኞ ወጣ። ሲለቅም ዋለ። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ፀሐይዋ ገና ሳትዘቀዝቅ አባቱ የቡናውን ቅርጫት ከእጁ ተቀበለውና «የልምምድ ሰዓት አልደረሰም እንዴ?» አለው።