አጥንቴ ከሳሳ በኋላ

የግራ እጄ አንጓ የተሰበረው መቱ ውስጥ፣ ከራሴ ደጃፍ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ነው። ሰኔ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቷል። አንድ ጥቅል የዩኒፎርም ጨርቅ ታቅፌ ወደ ስፌት ቤቴ ስሄድ ጭቃው አንሸራተተኝና በእጄ ተመርኩዤ ወደቅሁ። ሰው የሚስቅበት ዓይነት አወዳደቅ ነበር፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ልነሳ ስል ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ሆስፒታል ራጅ ያነሳኝ ሐኪም ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዞ ሲያይ ቆየና ዕድሜዬን ጠየቀኝ። አርባ መሆኑን ነገርኩት። ከስንት ሜትር እንደወደቅሁ ጠየቀ። ከየትም እንዳልወደቅሁ፣ ቆሜ እየሄድኩ እንደነበር ስነግረው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ከዚህ በፊት ምን ታምሜ እንደነበር ይጠይቀኝ ጀመር።

ከሦስት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ይዞኝ ነበር። አዲስ አበባ ቀኝ ጡቴን ቆረጡት፤ ጠጉሬን ያረገፈውን መድኃኒት ወሰድኩ። ከዚያ ሐኪሞቹ በሽታው የሚያድገው በሴትነት ሆርሞን እንደሆነ አስረድተውኝ፣ የእንቁላል እጢዎቼንም በቀዶ ጥገና አወጧቸው። እናቶቻችን በሃምሳ ዓመታቸው ቀስ በቀስ የሚደርሱበት ማረጥ እኔ ዘንድ በአንድ ቀን ቀትር መጣ። በየቀኑ የምውጠው ኪኒንም ታዘዘልኝ። ያን ጊዜ ሕክምናው አጥንት እንደሚያሳሳም ነግረውኝ ነበር፤ ወረቀቱ ላይም ተጽፏል። እኔ ግን የምሰማው እኖራለሁ ወይስ አልኖርም የሚለውን ብቻ ነበር። ከሞት የተረፈ ሰው አጥንቱን አያስብም። ያስቸገረኝ ከማረጡ ጋር የመጣው ሙቀት ነበር፤ የመቱ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ እኔ በስስ ቀሚስ በር ላይ ቆሜ በደብተር ልባስ አራግባለሁ።

እጄ በጀሶ ታስሮ እቤት ስውል የባለቤቴ እናት ከዳሪሙ መጡ። ብዙውን መንገድ በእግራቸው ነው የመጡት፤ በኩርቱ ሙሉ አንጮቴ ተሸክመው ነበር። በእኛ አገር አጥንቱ የተሰበረ ሰውና አራስ ይህን ሥር ሳይበላ አይነሳም። በልጣጩ ቀቅለው፣ ልጠው፣ በቅቤ አሽተው ያቀርቡልኛል። አማርኛ ብዙ አይችሉም፤ የእኔም ኦሮምኛ እሳቸው ፊት ይንተባተባል። ግን እስክጨርስ ድረስ ፊቴ ተቀምጠው ስለሚጠብቁኝ መግባባት አላቃተንም። በኋላ ለሐኪሟ ይህን ስነግራት፣ ጥሩ ምግብ መሆኑን፣ እንድበላውም ነገረችኝ፤ ለአጥንቴ ያዘዘችልኝን ኪኒን ግን እንደማይተካ አስጠነቀቀችኝ።

ሐኪሟ ያልኳት አዲስ አበባ ያለችውን ነው። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ባለቤቴ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዶ ይዞኝ ሄደ። የአጥንት ጥንካሬ የሚለካበት መሣሪያ አልጋ ነው፤ ተንጋልለህ ትተኛለህ፣ ከላይ ያለው ክንድ ሳይነካህ ቀስ ብሎ ያልፋል። ምንም አያምም። ከዚያ ሐኪሟ ውጤቱን አነበበችልኝ። የጀርባ አጥንቴ ሳስቷል፤ ዳሌዬም ለመሳሳት ጠርዝ ላይ ነው። ሐኪሟ ከእኔ ታንሳለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አጥንትዎ ከዕድሜዎ ቀድሞ አርጅቷል፤ ግን ልንይዘው እንችላለን” አለችኝ። ብዙ ነገር አስረዳችን። እኔና ባለቤቴ ይዘን የተመለስነው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ እንዳልወድቅ።

ባለቤቴ መቱ በገባን በሳምንቱ ከደጃፉ እስከ አጥሩ በር ጠጠር አለበሰ። የደረጃው ዳር ላይ የባሕር ዛፍ መደገፊያ ተከለ። ጀሪካን ሳነሳ ካየኝ ሮጦ ይቀማኛል። ልጃችን እንኳ ቦርሳዬን ትይዝልኝ ጀመር። እኔም ከእነሱ ባስኩ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው የምሄደው። ዝናብ ከጣለ አልወጣም፤ ኢሉባቦር ደግሞ ዝናብ የማይጥልበት ወር ጥቂት ነው። ጎረቤቶቼ ከሩቅ ሲያዩኝ፣ “ሱታ፣ ሱታ!” ይሉኛል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። በፍቅር ነው የሚሉት። እኔ ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ቤት የመለሱኝ ይመስለኛል።

በስድስተኛው ወር ለክትትል ስሄድ ሐኪሟ በቀን ምን ያህል እንደምራመድ ጠየቀችኝ። ምንም እንደማልራመድ፣ ምንም እንደማልሸከም፣ ባለቤቴ በደንብ እንደሚጠብቀኝ ኮራ ብዬ ነገርኳት። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“እንዲህ ብዬዎት ነበር እንዴ?” አለችኝ። “አጥንት ሥራ ካልሰጡት ይሰንፋል። ይራመዱ። ትንሽ ትንሽ ይሸከሙ፤ ጀርባዎን ሳያጎብጡ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው። ፈርተው ከተቀመጡማ ሳይወድቁም ይሰበራል።”

ባለቤቴ አጠገቤ ነበር። ወደ መሬት አየ። በአውቶቡስ ተመለስን። በደሌ ላይ ምሳ ስንበላ፣ መደገፊያውን ልንቀለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይቆይ አልኩት፤ ደረጃው ላይ ደህና ነው።

አሁን ሸክም የሚያስተምረኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ከእናቴ የተሻለ አላውቅም።

እናቴ ሁሩሙ ነው የምትኖረው። ከወሎ በሰፈራው ጊዜ ስትመጣ እኔን የሦስት ዓመት ልጅ በጀርባዋ አዝላ ነው ከጭነት መኪናው የወረደችው። አባቴ ብዙም ሳይቆይ በወባ ሞተ። ከዚያ በኋላ በሸክም አሳደገችኝ፤ እንጨት፣ የሰው ቡና፣ የሰው ማር እየተሸከመች ገበያ ታደርሳለች። እኔ ስፌት ተምሬ ገንዘብ መያዝ ስጀምር የመጀመሪያ ሥራዬ አህያ መግዛት ነበር። ከእንግዲህ ሸክም በቃሽ አልኳት። እሷ ግን አህያዋን ባዶዋን እየነዳች ከጎኗ ተሸክማ ስትሄድ ስንት ጊዜ አግኝቻት ተጣልተናል። ነፍሰ ጡር ናት ትለኛለች፣ ወይም ዛሬ ደክሟታል።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩና ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳት።

“ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት የተቆጣሽኝ በምን ነበር?” አለችኝ።

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተነስታ ትንሽ ከረጢት አመጣችና ሁለት ኪሎ የማይሞላ በቆሎ አደረገችበት። ብዙ እንድታደርግ ስነግራት አይሆንም አለች። እሷ የጀመረችው በስድስት ዓመቷ ስለሆነ እኔም ከዚያው መጀመር እንዳለብኝ ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የእሷ ተማሪ ሆንኩ። ገበያው ድረስ፣ ከገበያው ደግሞ በእግር መንገዱ ዞረን ቤቷ እንመለሳለን። ሸክም ጉልበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን የማላውቀውን ሁሉ ታውቃለች። ከመሬት ዕቃ ሲነሳ ወገብ አይታጠፍም፤ በጉልበት ቁጭ ተብሎ፣ ዕቃው ደረት ላይ ተለጥፎ፣ በጉልበት ነው የሚነሳው። ጭቃ ላይ በተረከዝ አይረገጥም፤ ሙሉ እግር ይሳረፋል፣ እርምጃ ያጥራል፣ አንዱ እግር ሳይጸና ሌላው አይነሳም። ቁልቁለት ላይ ቀጥ ብሎ አይወረድም፤ ጎን ይሰጣል። ዓይን እግር ላይ አይተከልም፤ ሦስት እርምጃ ቀድሞ ያያል። ሐኪሟና እናቴ ተያይተው አያውቁም፤ ግን አንድ ቦታ የተማሩ ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ከማር ገበያ የሚመለስ ገበሬ መንገድ ላይ አገኘን። እናቴ ከፊት ባዶ እጇን፣ እኔ ከኋላ ከረጢቱን በጀርባዬ አዝዬ፤ ዞር እያለች አረማመዴን ታርማለች። ሰውዬው ቆሞ አየንና፣ ወጣቷ ስትሸከም አሮጊቷ መቆጣቷ ምን እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቃት። እናቴ የወሎ ቅላፄ ባለቀቀው ኦሮምኛዋ፣ የታመመችው ልጄ ናት፣ እያዳንኳት ነው አለችው። ሰውዬው ሳቀ። የምሯን መሆኗን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀና፣ “ጀባዹ” ብሎኝ አለፈ። በርቺ ማለት ነው። ከሱታ በኋላ ያን ቃል መስማት እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አጥንቱን የሚያጠነክረው ኪኒን በሳምንት አንዴ ነው። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መተኛትም ሆነ ጎንበስ ማለት፣ መብላትም ሆነ ሻይ መጠጣት የለም። አለዚያ ጉሮሮ ያቃጥላል። እሑድ እንዳይሆን ቅዳሴ አለ፤ ማክሰኞን መረጥኩ። መጀመሪያ ላይ ግማሽ ሰዓቱ አያልቅልኝም ነበር። ባለቤቴ ያን ሰዓት የተማሪዎቹን ድርሰት ያርማል፤ ቆሜ ሲያየኝ አንዳንዱን ጮክ ብሎ ያነብልኝ ጀመር። አንዱ ተማሪ ስለ ላማቸው ሦስት ገጽ ጽፎ ነበር፤ ያን ቀን ግማሽ ሰዓቱ አልፎ ቁርሱን ረሳነው። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራችን ልብስ እየቆረጥኩ ወይ እሱ ለመውጣት እየተጣደፈ ካልሆነ በቀር ተያይተን አውርተን አናውቅም። ማክሰኞ ጠዋት አሁን የእኛ ነው።

ወተቱ ግን አስጨንቆኝ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሐኪሟ ያዘዘችኝን ወተት ልተው ወይስ ልጠጣ ብዬ የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። በወተቱ ፈንታ ልበላ የምችለውን ጎመኑን፣ ሰሊጡን፣ ሁሉን ነገር ዘረዘርኩላቸው። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝና፣ “መድኃኒትሽ ከሆነ ጠጪው፤ ተደብቀሽ ግን አትጠጪው” አሉኝ። ወደ እሳቸው የሄድኩት ተደብቄ የጠጣሁ ያህል እየከበደኝ ነበር፤ ተገላግዬ ወጣሁ። በጾሙ ግን ሁሉንም ቀን አልጠጣሁም። ዓርብና ረቡዕን ለራሴ ተውኩ፤ በእነሱ ቀን ሰሊጥ ወቅጬ ጠጣሁ።

ጥቅምት ላይ እናቴ የሶርን ፏፏቴ ልይ አለች። ያን ሁሉ ዓመት ኢሉባቦር ኖራ አላየችውም ነበር፤ የሚሸከሙት ነገር ከሌለ ማን ይሄዳል ትለኝ ነበር። ባለቤቴ እኔን ያለ እሱ መልቀቁ ጨንቆት ነበር፤ ሆኖም ዳቦና ውኃ በከረጢቴ ውስጥ አደረገልኝ። ጫካው ውስጥ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ከዝናቡ በኋላ ገና አልደረቀም። ግማሽ ከወረድን በኋላ የረገጥኩት ሥር ከዳኝና በመቀመጫዬ ዘጭ አልኩ።

እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ፏፏቴው ከታች ያጓራል፤ ለእኔ ግን ምንም አይሰማኝም። ከውስጤ የሚሰበር ነገር እየጠበቅሁ ተቀመጥኩ። እናቴ ሮጣ አልመጣችም፤ አልጮኸችም። ካለችበት ሆና ቁልቁል አየችኝ።

“የትሽን አመመሽ?”

“መቀመጫዬን።”

“እሱ ሥጋ ነው” አለች። “ተነሺ።”

በጉልበቴ ተነሳሁ። ጣቶቼን አየሁ፣ አንጓዬን አዞርኩ፣ ወገቤን ዳሰስኩ። ሁሉም በቦታው ነበር። ከዚያ ግን መራመድ ፈራሁ፤ እናቴ ያን ጊዜ መጥታ እጄን ያዘችኝ። እስኪያልፍልኝ ይዛኝ ቆመች። ታች ስንደርስ የውኃው ብናኝ ፊታችንን አራሰው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ረጅም ሰዓት አየችውና፣ ይህ ሁሉ ውኃ ወሎ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልመጣን አለች። ዳቦውን እዚያው በላን። ስንመለስ ዳገቱን ከእሷ ቀድሜ ጨረስኩ።

ፍርሃቱ ጨርሶ ለቀቀኝ አልልም። ዛሬም ዝናብ በጣለ ጠዋት ደጃፉ ላይ ትንሽ እቆማለሁ። ግን እወጣለሁ። ከረጢቴ ስድስት ኪሎ ደርሷል። ሙቀቱም ቀንሶልኛል። ቅዳሜ ከእኔ ጋር ሁሩሙ የሚመጡ ሁለት የሰፈር ሴቶች አሉ፤ አንዷ እንደኔ የታመመች ናት፣ ሌላዋ ወሬው ስለሚጥማት ነው።

ከመጀመሪያው ልኬት ሁለት ዓመት በኋላ እንደገና አዲስ አበባ ተለካሁ። ሐኪሟ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። ዳሌዬ ባለበት ቆሟል። ጀርባዬ ትንሽ ተሽሏል። ድኛለሁ ማለት እንዳልሆነ፣ ኪኒኑም መራመዱም እንደሚቀጥል ደጋግማ አስረዳችኝ። የካንሰሩም ምርመራ ንጹሕ ነበር። ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ መጀመሪያ ለባለቤቴ ደወልኩ፤ ክፍል ውስጥ ስለነበር ተማሪዎቹ ሲያጨበጭቡ ሰማሁ፤ ለምን እንደሚያጨበጭቡ እንኳ ሳያውቁ ይመስለኛል።

ቀጥዬ ለእናቴ ደወልኩ።

“ባለበት ቆመ ማለት ደግ ነው ክፉ?” አለችኝ።

“ደግ ነው፣ እማዬ።”

“እንግዲያው ተመስገን” አለች። ከዚያ አዲስ አበባ ካለሁ አይቀር ዓይኗን የሚያግዛት መነጽር ገዝቼ እንድመጣ፣ ውድ ከሆነ ግን እንድተወው ነገረችኝ። መርካቶ ወርጄ ገዛሁላት። ዋጋውን እስከዛሬ አልነገርኳትም።