የጋሽ ኬን የኮት ቁልፍ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ ሦስት የሐዘን ማስታወቂያ ገባ። ሦስቱም "ጋሽ ኬን አረፉ" ይላሉ። ሦስቱም ላይ ግን የተለያየ የእድር ማህተም አለ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ከተነገረ ውሸት ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ትናንት እኮ ኤሌቬተር ውስጥ አብረን ነበርን! ጫማዬን አይተው "ክርዎን ይሰሩ እንጂ" ብለውኛል።

ከዚያ እማዬ ኮል አደረገች። ድምጿን ስሰማ ገባኝ። ማለት፣ የገባኝ መሰለኝ። እስካሁንም አልገባኝም።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ኬን ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈራችን፣ እኛ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ናቸው። "ነበሩ" ነው የሚባለው አሁን? ድሮ የእንግሊዝ ወታደር ነበሩ። ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ የሰፈራችን እድር ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ይዞ ቤታቸው ሲመላለስ "ይሄን ሁሉ ጦር ማን ላከልኝ?" ብለው ጠየቁ። በዚያው አባል ሆኑ። አማርኛ የተማሩት ከእድሩ ሽማግሌዎች ብቻ ስለሆነ አንተ፣ አንቺ የሚባል ነገር አያውቁም። ለኔም ለድመታቸውም "ደህና አደሩ?" ነው።

ሶ፣ የማህተሙ ነገር።

የሬኒየር ቢቹ እድር ሊቀመንበር አባባ ነው፣ አያቴ። የጎረቤት ሰፈሩ፣ የቡሪየኑ ደግሞ እትዬ ዘነቡ ናቸው። ሰዉ ቤት ፍለጋ እየራቀ ሁለቱም እድሮች ሳሱ፣ እንዋሃድ ተባለ። ከዚያ ስምንት ወር የማን ስም ይቅደም፣ የማን ማህተም ይቅር። ስምንት ወር! ሰው በዚህ ጊዜ ልጅ ሊወልድ ምን ቀረው?

በመጨረሻ አባባ "ይሄ ነገር የደረሰበት ሰው ይጠየቅ" ብሎ ጋሽ ኬንን ስብሰባ ጠራ። አስተርጓሚ እኔ።

ጋሽ ኬን ገና በልጅነታቸው አንድ ሬጅመንት፣ የራሱ ስምና አርማ ያለው የጦር ክፍል ማለት ነው፣ ገቡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን መንግሥታቸው ወታደሩ በዛ፣ በጀቱ አነሰ አለና ሬጅመንቶቹን ሁለት ሁለቱን ማጋባት ጀመረ። የሳቸውንም ለዘመናት ሲሰዳደበው ከኖረው ጎረቤት ሬጅመንት ጋር አጋባው። የሁለቱ ስም ተቀጣጥሎ ባቡር አከለ። የባርኔጣው አርማ፣ የሰልፉ ሙዚቃ፣ የኮቱ ቁልፍ ሳይቀር ጠብ ሆነ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ያንን ከሌላ ጋር፣ ያንንም እንደገና ከሌላ ጋር። መጀመሪያ የገቡበት ስም ዛሬ የትም የለም።

"ታዲያ ማን አሸነፈ?" አሉ እትዬ ዘነቡ።

"ማንም። ወጥ ቤቱ አንድ ነበር። ሲርበን ታረቅን።"

"ማህተሙስ?" አለ አባባ። ለሱ ከዓለም ጥያቄ የቀረው ይሄ ብቻ ነው።

ጋሽ ኬን ተነሱና ኮታቸውን ገለበጡት። ከውስጥ በኩል አንዲት የነሐስ ቁልፍ ተሰፍታለች፣ የድሮው አርማ ያለባት። ሁሉም ቁልፉን ይቀይር ሲባል እሷን ደብቀው፣ ከኮት ወደ ኮት ሲያዛውሯት ኖረዋል።

"አንዷ ቀርታለች" አሉ በአማርኛ።

ይቺን ለሁሉም ነገር ነው የሚሏት። ሰሃን ላይ ሳምቡሳ ሲያልቅም፣ ጥርሳቸውን ሲያሳዩም።

ሽማግሌዎቹ እንባቸው መጣ። በዚያው ቀን ተዋሃዱ፤ አዲስ ስም፣ አዲስ ማህተም፣ ጭብጨባ። ከቁልፏ ምን እንደተማሩ ያወቅኩት ግን ዛሬ ነው፦ ሁለቱም የድሮ ማህተማቸውን ደብቀዋል! አንድ ሰው ሦስት ጊዜ የሞተው ለዚህ ነው።

አባባን "ይሄ ምንድነው?" ስለው "ለክብራቸው ነው" አለ። እትዬ ዘነቡ ጋ ደወልኩ። "ለክብራቸው ነዋ!" ኦኬ።

አሁን መከራው የኔ ነው። ቅዳሜ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ። አባባ "ወታደር ያለ ሬጅመንቱ አይቀበርም፣ ስሙን አጣርተሽ ጻፊ" አለኝ። አጣራሁ። አራት ስም ወጣ። የገቡበትን ልጻፍ? ረጅም ዕድሜ ያገለገሉበትን? ወይስ በየዓመቱ ካርድ የሚልክላቸውን፣ አንድ ቀን እንኳን ረግጠውት የማያውቁትን? ልጅ የላቸውም፣ የምጠይቀው ሰው የለም። ብሳሳትስ? የማያውቁት ሬጅመንት ወታደር አድርጌ ላስቀብራቸው ነው?

አንዴ ራሳቸውን ጠይቄያቸው ነበር። ላውንድሪ ክፍል፣ ካልሲ እያጠፉ። "ጋሽ ኬን፣ ከነዚህ ሁሉ የርስዎ የቱ ነው?"

ካልሲውን አስቀመጡ። ቀጥ ብለው ቆሙና ስም መጥራት ጀመሩ። የሬጅመንት አይደለም፣ የሰው፤ የድሮ ጓዶቻቸውን። አንዱን ይጠሩና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላሉ። ከዚያ ቀጣዩን። አሥራ አንድ ሰው። ማድረቂያው ብቻ ነው የሚያጓራው።

እኔ ምን አደረግኩ? ሳቅኩ። "እኔንም ይጥሩኝ እንጂ!" አልኳቸው። ጠሩኝ። "አቤት" አልኩ።

ከሰዓት እትዬ ዘነቡ መጡ። ሶፋ ላይ ከአባባ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ቁልፏን ጋሽ ኬን ከሚቀበሩበት ኮት ውስጥ ፈትተው ወደ ውጭ ሊሰፏት ነው። አባባ ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተው።

"አምጡት እስቲ ጋሼ። መርፌ እኮ እድር አይደለም፣ በጭቅጭቅ አይገባም" አሉት እትዬ ዘነቡ።

"ጠበቅ አድርገው ይስፉ ብቻ። የቡሪየን ስፌት ይላላል።"

ጋሽ ኬን፣ ቁልፍዎ ወደ ውጭ ወጥታለች። ድመትዎ እኛ ቤት ናቸው፣ በልተዋል።

የሬጅመንቱ መስመር ግን እስካሁን ባዶ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሥራ አንዱንም ስም አልያዝኩም፣ እየሳቅኩ ስለነበር ሰባቱን ብቻ ነው የማስታውሰው። ቅዳሜ ሰባቱን እጠራለሁ። መጨረሻ ላይ የርስዎን።

መልስ ከጠፋ፣ እኔ "አቤት" እላለሁ።