የእናኑ ቀኝ እጅ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የደብረ ማርቆስ ዋናው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ለሕሙማን መርጃ የሚሮጡ ወጣቶች ቢጫ ካናቴራ ለብሰው፣ እየሳቁና እየተገፋፉ አለፉ። ከጎኔ የጓደኛዬ የእናኑ እናት፣ እትዬ ጥሩወርቅ ቆመው ነበር። ሯጮቹን ሲያዩ ቆዩና ክንዴን ጨብጠው፣ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝን ጠየቁኝ። ጥያቄውንም መልሴንም ወደ በኋላ ላቆየው።

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ነበርኩ። ዓይነ አፋር ስለሆንኩ ሰው ሲያናግረኝ መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። በአንድ ሆቴል ጓሮ አንሶላ አጣቢ ሆኜ ስቀጠር ኃላፊው ስሜን ቢጠይቀኝ ዝም አልኩ። «ትሁኔ ትባላለች፤ ምላሷን ቤት ረስታው መጥታ ነው» ብላ የመለሰችልኝ የሰፈሬ ልጅ፣ እዚያው አጣቢ የነበረችው እናኑ ናት። ከዚያ ወዲያ ለሁለታችንም የምትናገረው እሷ ሆነች።

የአንሶላ ሥራ ለብቻ አይሆንም። አንዷ አንዱን ጫፍ፣ ሌላዋ ሌላውን ይዛ፣ ፊት ለፊት ቆመው እየጠመዘዙ ውሃውን ማውጣት ነው። ዓመት አብሮ የጨመቀ ሰው የሌላውን ጉልበት በእጁ ያውቀዋል። ተቆጥታ እንደሆነ፣ እንቅልፍ አጥታ እንደሆነ ጨርቁ ይናገራል።

እናኑ በሃያ ሦስት ዓመቷ ጡቷ ላይ ነቀርሳ ወጣባት። አዲስ አበባ ወስደው ቀኝ ጡቷን ቆረጡላት፤ ጸጉር የሚያረግፈውን መድኃኒትም ጨረሰች። እትዬ ጥሩወርቅ፣ «ልጄን ካተረፍሽልኝ ጥላ አስገባለሁ» ብለው ለመርጡለ ማርያም ተስለው ነበር። ጸጉሯ እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ ሲል ሐኪሞቹ በየጊዜው እየመጣች እንድትታይ ቀጥረው ሰደዷት። እናቷም ለኅዳር ጽዮን ዘርፉ የሚያብረቀርቅ ጥላ ይዘው ሄዱ፤ ድግሱን ደግሞ ጾሙ ሲፈታ ለገና አሉት።

በዚያው ሰሞን፣ ከጥምቀት በኋላ ለነቀርሳ ሕሙማን መርጃ የጎዳና ሩጫ እንደሚደረግ ተለፈፈ።

«እንሮጣለን» አለች እናኑ።

«እኔም?»

«አንቺም። እኔን እያየ ከንፈሩን የሚመጠው ሁሉ ጀርባዬን ይይ!»

ጎህ ሲቀድ በይጁቤ መንገድ እንወጣ ጀመር። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ የገለባው ሽታ ከውርጩ ጋር አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ጾም ስለነበር ከሩጫ መልስ ምንም አንቀምስም። ስናጥብ አርፍደን፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሶ በጥብጠን ከአንድ ጣሳ እየተቀባበልን እንጠጣለን። እንደዚያ በሶ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

አንድ ቀን በሬ የሚነዱ ሽማግሌ አስቆሙን።

«ምን አባረራችሁ ልጆቼ?»

«ሞት ነው አባባ! ቀድመነው መምጣታችን ነው» አለች እናኑ እያለከለከች።

«እሱ እንኳ ባለ ፈረስ ነው» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ አንሶላ ስንጨምቅ በእናኑ በኩል ያለው ጫፍ ላላ። ቀና ስል ቀኝ እጇን ለቃ በግራዋ ብቻ ይዛለች። ሄጄ እጅጌዋን ገለጥኩት። ክንዷ አብጦ ቆዳው ተወጥሯል፤ ብብቷ ሥር ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር ጣቴን ነካው።

«ቀጠሮሽ መቼ ነው?»

«አልፏል።»

«ምነው እናኑ!»

«ምን ብዬ ልሂድ? ጥላው ገብቷል። ምስጋናው ከደረሰ በኋላ ሐኪም ቤት ብመላለስ እመቤቴን አላመንኳትም ማለት አይደለም? ጠላውም ተጠምቋል። ሩጫው ይለፍና እሄዳለሁ። አንቺ መቼስ ዝም ማለት አያቅትሽም።»

እውነቷን ነው። አላቃተኝም።

የድግሱ ዕለት ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ወጥ ሊጨምሩልኝ አጠገቤ ጎንበስ አሉ። «ትሁኔ፣ አንቺ ነሽ አብረሻት የምትውይው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ ደህና ናት አይደል?»

እናኑ ከማዶ አየችኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ የዞረ መሰለኝና ፊቴ ጋለ። የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት።

«ደህና ናት፣ እትዬ።»

እልል አሉ። ሰውም ተቀበላቸው።

ሩጫውን ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባን። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ በግራዋ እኔን ይዛ ነበር። ሲያጨበጭቡልን አለቀስኩ።

«ገብተን እያለ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ።

ሩጫው አለፈ። ሁዳዴ ይለፍ አለች፤ ቀጥሎ ፋሲካ ይለፍ አለች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ስትደርስ፣ ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለ። በሐምሌ ዝናብ ቀበርናት። የመቃብሩ ጭቃ ከጫማዬ ላይ አልለቅ ብሎ እስከ ቤት ተከተለኝ።

አርባዋ ሲወጣ ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ጥላውንም፣ ክንዷንም፣ ያልኩትንም። ቄሱም፣ «ልጄ፣ ስለትና ሐኪምን ማን አጣላቸው? እኔ ራሴ የስኳር መርፌ እየተወጋሁ አይደል የምቀድስ?» አሉኝ።

ከሞቷ እኩል የመረረኝ ይህ ነው። እሳቸውን አንድ ጊዜ መጠየቅ ነበር የጎደለን። ለሁለታችንም የምትናገረው እሷ ነበረች፤ እሷ ዝም ስትል የሚጠይቅ ጠፋ።

እንግዲህ እሑድ እትዬ ጥሩወርቅ እንዲህ አሉኝ፦ «ትሁኔ፣ ድንገት ነው አይደል የወሰዳት? ለገና እንኳ ደህና ናት ብለሽኝ ነበር።»

ይህን ሁሉ ዓመት የተጽናኑት በዚያች ቃል ነው። እውነቱን ብነግራቸው ምን ይተርፋቸዋል? ዝም የምለውስ ለእሳቸው አዝኜ ነው ወይስ እንደ ድሮው ፈርቼ? ለይቼ አላውቀውም።

«ድንገት ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

ክንዴን የጨበጠው እጃቸው ላላ። እጄ አንሶላ ሲጨምቅ የኖረ ስለሆነ የሰው አያያዝ ሲላላ ያውቃል። ተጽናንተው ይሁን፣ ሳያምኑኝ ቀርተው፣ እሱን ግን አላወቀም። እኔም እንደ ልማዴ ሳልጠይቃቸው፣ መንገዱ ሲከፈት ተሻገርን።