የወልደ ሚካኤል በሶ

ባለፈው ቅዳሜ ሜሮን የምትባል የሰፈራችን ልጅ ደባርቅ ካለው ቤቴ ደጃፍ ቆማ፣ “እትዬ አስናቀች፣ የወልደ ሚካኤል በሶ ነው፤ ያለዎትን” አለችኝ። ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞች ስንቅ ከሚሰበስቡት ወጣቶች አንዷ ናት።

በሶውን እየሰፈርኩላት፣ “ለመሆኑ ወልደ ሚካኤል ማነው?” አልኳት።

“እኔ እንጃ። ድሮ ዳባት የነበረ እስረኛ ነው ይላሉ።”

ሳቄ አመለጠኝ። ሰውዬው ዳባትን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የክርስትና ስሙንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ያውም ዋሽቼ።

ያኔ ዳባት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የታሪክ አስተማሪያችን በደቡብ አፍሪካ ለጥቁሮች ነፃነት ሲታገል ስለታሰረ አንድ መሪ ነገሩን። እኔ ሳልወለድ የታሰረ ሰው እስካሁን አለመፈታቱ አንገበገበኝ። እርግጥ እየተንገበገብኩም ምሳዬን ደህና አድርጌ እበላ ነበር። አባቴ ቄስ አድማሱ እሑድ እሑድ የታመመውንና የታሰረውን በክርስትና ስሙ እየጠሩ ይጸልዩ ስለነበር፣ “አንድ የታሰረ ሰው አለ፤ ያስቡልኝ” አልኳቸው።

“የክርስትና ስሙስ?”

አላውቅም ብል እንደማይጠሩት አውቃለሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ “ወልደ ሚካኤል” አልኳቸው።

ሦስት እሑድ ተጠራ። ከዚያ በታኅሣሥ፣ ገብስ ተወቅቶ ገለባው በየመንገዱ በሚበንበት ሰሞን፣ ጎረቤታችን እማማ ዘውዴ ስልቻ ሙሉ በሶ አዝለው መጡ። ባል የሞተባቸው፣ ጎታቸው ከፋሲካ የማያልፍ ሴት ነበሩ።

“ይህን ወልደ ሚካኤልን ሰፈሩን ሁሉ ብጠይቅ የሚያውቀው ጠፋ” አሉ። “ዘመድ የሌለው እስረኛ ምን ይበላል? ከዘሬ ቀንሼ ነው፤ ደባርቅ እስር ቤት ያድርሱልኝ፣ አባ።”

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። “የማን ልጅ ነው?”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝም ብል የድሃ ሴት ዘር በውሸቴ ሊባክን ነው፤ ብናገር አባቴን በመቅደስ ማሳሳቴ ሊወጣ ነው። እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

አባቴ ፊታቸው ጠቆረ። እማማ ዘውዴ ግን ጉዳያቸው ሌላ ነበር።

“አገሩ ሩቅ ነው?”

“በጣም ሩቅ ነው፣ እማማ።”

“እናቱ ታዲያ በምን እግሯ ትጠይቀው!” ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

አባቴ ፍርዳቸውን ሰጡ። “አንቺ አርባ ስግደት ትሰግጃለሽ። ስሙ ውሸት ነው፤ እስሩ ግን እውነት ነው። በስሙ የወጣ በሶ ደግሞ ወደ ጎታ አይመለስም።”

በማግስቱ ወደ ሊማሊሞ በሚወርድ የጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ከአባቴ ጋር ደባርቅ ሄድኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጉልበቴ በስግደቱ ዝሏል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በሶውን ጠያቂ ለሌላቸው ሰጠን። አንድ ሽማግሌ እስረኛ እፍኙን በውሃ እየበጠበጡ “ማን ላከው?” ቢሉኝ፣ “ወልደ ሚካኤል” አልኳቸው። መረቁት።

በየዓመቱ ከውቂያ በኋላ እንዲሁ ሆነ። አባቴም በዚያው ስም መጥራታቸውን አልተዉም። የደቡብ አፍሪካውን ሰው መፈታት ሬዲዮ የተናገረ ዕለት እማማ ዘውዴ እልል አሉ፤ ወዲያው ግን ደንገጥ ብለው፣ “በሶው ሊቀር ነው እንዴ?” አሉ።

“ሌላው መች ተፈታ?” አሉ አባቴ።

ይህን ሁሉ ለሜሮን አጫወትኳት። ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ ሽበታም፣ ሳቂታ ፊት አሳየችኝ። “እሱ ነው! ታዲያ ስሙን እናስተካክለው?”

“ተዪው፤ ለምዶታል” አልኳት።

ሰውዬው ተፈቶ፣ አገሩን መርቶ ካረፈ ቆየ፤ አባቴም እማማ ዘውዴም የሉም። ስለ ነፃነት ያኔ ክፍል ውስጥ የጻፍኩትን ሁሉ ረስቼዋለሁ። የቀረኝ ውሸቴ ነው፤ እሱም ሰው ሲያበላ ይኖራል። ይህን እያሰብኩ በሬን ልዘጋ ስል፣ ሜሮን አልፋ ከቆመችበት ከቀጣዩ ደጃፍ የጎረቤቴ ድምፅ ተሰማኝ።

“ወልደ ሚካኤል ደግሞ ማነው?”

“ዘመዳችን ነው” አለች ሜሮን።