«ጤነኛ ነኝ» የሚለው መስመር

ያን ቀን ሁለተኛው መስመር ላይ ቢፈርም ኖሮ ቡድኑ ያቆየው ነበር ወይ?

አራት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ይዤ እተኛለሁ፤ ይዤው እነሳለሁ። መልሱን አላውቅም። ጥያቄው ከምን እንደመጣ ግን እስካለፈው ሚያዝያ ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በጽሑፍ ሳወጣው ደግሞ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ስለማያውቁኝ ለእርስዎ ለአንባቢዬ መናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ቢሆንም ልናገር።

የእህቴን ልጅ አሳስቼ አስፈርሜዋለሁ። ተሳስቼ አይደለም ያሳሳትኩት፤ እያወቅኩ ነው።

ማን እንደሆንኩ ካልነገርኩዎ የጥፋቴ ልክ አይገባዎትም። በቤተ ዘመዱ ውስጥ ወረቀት አንባቢዋ እኔ ነኝ። ቶሮንቶ ስገባ ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት አልነበረኝም። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ቢሮ ሳጸዳ ኖሬ፣ አርባ ከሞላኝ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ኮሌጅ፤ አሁን በአንድ የጠበቃ ቢሮ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን ይፈራል፤ ስለሚፈራም ይጠነቀቃል። እሁድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወንበር ይዤ ስቀመጥ ሰው ፖስታውን ይዞልኝ ይመጣል፤ ከኢሚግሬሽን የተላከ፣ ከቤት አከራይ የተላከ። ከግርጌ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር አንብቤ ነው የምመልሰው። እኛ ቤት «እሷ ሳታየው እንዳትፈርም» ይባላል። ስንት ጊዜ ኮርቼበታለሁ!

ልጁ አቤል ይባላል። የታናሽ እህቴ የሰናይት የበኩር ልጅ ነው፤ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያደገ። ፉትቦል ይጫወታል። ፉትቦል ስል እኛ የምናውቀውን የእግር ኳስ አይደለም፤ የራስ ቁር ተደርጎ ሰው ከሰው የሚላተምበትን፣ ኳሱ በእጅ የሚያዝበትን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ስንት ጎል አገባ?» ብለው ሲጠይቋት ሰናይት ሳቋን ዋጥ አድርጋ «የእሱ ሥራ የሚያገባውን ሰው መጣል ነው» ትላቸው ነበር።

ዩኒቨርሲቲውን ሊጨርስ አንድ ተርም ሲቀረው አቋርጦ ለሙያ ቡድን ልሞክር አለ። እናቱ ቤት ሁለት ታናናሾች አሉ፤ አይመችም። ልምምድ የሚሠራበት ጂም ደግሞ እኔ ካለሁበት ከክሬሰንት ታውን በእግር የሚደረስ ነው። ስለዚህ መጽሐፎቼን ከትንሿ ክፍል አውጥቼ ግድግዳ ላይ ደረደርኩና አልጋ ዘረጋሁለት። በጥቅምት ገባ፤ በግንቦት ወጣ።

ልኩን ልናገር፤ ከዚያ በፊት ከሠላሳ ዓመት በላይ ብቻዬን ኖሬያለሁ። የራሴ ልጅ የለኝም። ብቸኛ ነኝ ብዬም አስቤ አላውቅም ነበር፤ መጽሐፍ አለኝ፣ ሥራ አለኝ፣ እሁድ አለኝ። እሱ ሲገባ ታንኳ የሚያህል ጫማው በሩን ሞላው። ጠዋት አምስት እንቁላል ይበላል። ማታ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የድሮ ጨዋታዎችን ቪዲዮ እያሳየ ያስተምረኛል፤ «አክስቴ፣ ኳሱን ተይው፣ የልጁን ወገብ እዪ፤ ወገብ አይዋሽም» ይለኛል። እኔም ደብተር አውጥቼ እጽፋለሁ፤ በደብተሬ ይስቃል። ከሥራ ገብቼ ቁልፌን ሳዞር ከውስጥ «መጣሽ?» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ይቺ «መጣሽ?» ምን ያህል ውስጤ እንደገባች ያወቅኩት በኋላ ነው።

የሙያ ቡድኖቹ በዓመት አንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የሚወስዷቸውን ልጆች ስም እየጠሩ ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይባላል። እህቴ ቤት ተሰብስበን ጠበቅን። የአቤል ስም አልተጠራም። የመጨረሻው ስም ሲያልፍ ሰናይት ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና «በሉ ምግቡ ቀዘቀዘ» አለች። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ከአንድ የምዕራብ ከተማ ቡድን ተደወለ፤ የልምምድ ካምፓቸው ገብቶ ይሞከር አሉ። ስሙ ሳይጠራ የሚገባ ልጅ በጓሮ በር እንደሚገባ እንግዳ ነው። ከፊቱ የተመረጡ አሉ፤ ከእነሱ ፊት ደግሞ ነባሮቹ አሉ። አብዛኞቹ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ይመለሳሉ። ይህን እሱም ያውቅ ነበር፤ እኔም ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር።

በኤጀንቱ፣ ውሉን በሚዋዋልለት ወኪል፣ በኩል ከውሉ ጋር የተጫዋቾች መመሪያ ላኩለት። «አንቺ አንብቢልኝ» ብሎ ሰጠኝ። አነበብኩት፤ ሁሉንም። አንድ ገጽ ላይ፣ ካምፕ ውስጥ የተጎዳ ተጫዋች ጉዳቱን ካስመዘገበ እስኪድን ድረስ ሊያሰናብቱት እንደማይችሉ ተጽፏል። ያሳክሙታል፤ ከተጎጂዎቹ መዝገብ ላይ ሆኖ ከቡድኑ ጋር ይቆያል፤ ሲድን እንደገና ይሞከራል። በእርሳስ አሰመርኩበት። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ገና ሳይሄድ ስለ ጉዳት ማውራት ሟርት መሰለኝ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት አልነበረብኝም።

በካምፑ ሁለተኛ ሳምንት የጭኑ የኋላ ጡንቻ ሲሮጥ ተሰነጠቀ። ለእናቱ አልነገራትም፤ ለእኔ ብቻ ደወለ። በፋሻ አጥብቆ አስሮ፣ ለማንም ሳይናገር ይሮጥ ነበር። የኛ ሰው ሥራ ላይ ታመምኩ አይልም፤ ሺፍቱን ይነጥቁታል። እናቱም እንዲህ ነው የምትሠራው፤ እኔም አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ነው ያጸዳሁት። ያን ጊዜም መመሪያው ትዝ አለኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገም አልነገርኩትም።

ከተጎዳ በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ቢሮ ምሳዬን እየበላሁ ሳለ ደወለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ኮሪደር ላይ ቆሟል።

«አክስቴ፣ ሪሊዝ ሊያደርጉኝ ነው፣ ሊያሰናብቱኝ። ፎርም ሰጥተውኛል። ኤጀንቴን ኮል አደረግኩት፣ አያነሳም። ፎቶውን ልኬልሻለሁ፤ የቱን ቼክ ላድርግ?»

ከፈትኩት። ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው፦ ጤነኛ ነኝ፣ በካምፑ ያገኘኝ ጉዳት የለም። ሁለተኛው፦ ጉዳት አለብኝ፣ ከመሰናበቴ በፊት እንድመረመር እጠይቃለሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያሰመርኩበት ገጽ ዓይኔ ላይ መጣ። ሁለተኛውን ቢመርጥ እዚያ ይቀራል። አንደኛውን ቢመርጥ ይመለሳል።

«ጤነኛ ነኝ በል» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ? እግሬ እኮ...»

«ታምሜያለሁ ብለህ በወረቀት ካሰፈርክ ሌላ ቡድን ማን ይወስድሃል? ጤነኛ ነኝ በልና ና።»

«ኦኬ» አለ። ሌላ አልጠየቀኝም። ለምን ይጠይቀኛል? እንግሊዝኛው ከእኔ የተሻለ ነው፤ ሕጉን ግን እኔ ነኝ ያነበብኩት። እኔ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ ፈረመ።

ምክንያቴን ከአፌ ስሰማው እውነት ይመስል ነበር። በስደት ካርቱም ሳለሁ፣ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት የጤና ምርመራ ነበር። ሁለት ወር የቆየ ሳል ነበረብኝ። ሰልፉ ላይ ያለ ሁሉ «ጤነኛ ነኝ በይ፣ የታመመ ይቀራል» ይል ነበር። እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሳሌን ይዤ ሄድኩ፤ ጤነኛ ነኝ አልኩ፤ አለፍኩ። ይህ ቃል አገር ሰጥቶኛል። ግን ያ ካርቱም ነበር። የአቤል ፎርም የተገላቢጦሽ ነው፤ የታመመ የሚቆይበት፣ ጤነኛ የሚሰናበትበት። ይህን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቅ ነበር?

ለእርስዎ ሦስት ሰበብ ላቀርብ እችላለሁ። ሌላ ቡድን እንዲወስደው ብዬ ነው ልበል? ያን ዓይነት እግር ይዞ የትም እንደማይሮጥ አውቅ ነበር። ትምህርቱን እንዲጨርስ ብዬ ነው ልበል? ይህኛው ብዙ ጊዜ ደግፎኛል፤ በአርባ ዓመቷ ደብተር የያዘች ሴት የልጁን አንድ ተርም ብታስብ ማን ይፈርድባታል? ግን «ና» ብያለሁ። ትምህርት ቤት ግባ አላልኩም። «ና» ነው ያልኩት። ስልኩን ዘግቼ ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎ፤ ለአለቃዬ አሞኛል ብዬ ወጣሁ። እሱን ጤነኛ ነኝ በል ያልኩ ሴት አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ የአልጋውን አንሶላ ይዤ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረድኩ። ማሽኑ ሲዞር ደስ ብሎኝ ነበር። ልጁ ያን ሰዓት ሻንጣውን እየሸከፈ ነበር፤ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አቤል መጣ። እያነከሰ ገባ፤ አቀፈኝ፤ ትንሿ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ከሥራ ስገባ «መጣሽ?» የሚል አልነበረም። በሩ ተዘግቷል፤ ከሥሩ የስልክ ብርሃን ይታያል።

በሐምሌ አንድ ሌላ ቡድን ጠራው። ወረቀቱ ላይ ጤነኛ ነው፤ መጥቶ ይሩጥ አሉ። ሦስተኛው ሩጫ ላይ ጭኑን ይዞ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራውም። በነሐሴ ደግሞ በብሉር መስመር በሰብዌይ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ እየሄድኩ የመጀመሪያውን ቡድን ዜና ስልኬ ላይ ከፈትኩ። በእሱ ቦታ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ተጎድተዋል፤ ቡድኑ ከውጭ አንድ ያላሠለጠነውን ሰው አስመጥቶ አሰልፏል። አቤል እዚያው መዝገብ ላይ ቢኖር ኖሮ በነሐሴ እግሩ ድኖ ነበር። የጨዋታቸውን ዘዴ አጥንቶ ነበር። ይጠሩት ነበር? ላይጠሩትም ይችላሉ። ከእሱ የተሻለ ነባር ቢኖርስ? አሠልጣኙ ባይወደውስ? ደጋግሜ አወጣሁ አወረድኩ፤ መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄድኩ። እስከ ዛሬ የዚያን ቡድን ስም ዝርዝር እከፍታለሁ። የማላውቃቸውን ወጣቶች ስም ከላይ እስከ ታች አነባለሁ።

ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። ኤርፖርት አካባቢ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ሥራ ገባ፤ በኅዳር ከጓደኛው ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ብራምተን ቤት ተከራየ። ታንኳዎቹን ጫማዎች በፌስታል ይዞ ወጣ። አልጋው አሁንም አለ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ አይደለም። የታናሽ እህቱ ምርቃት ላይ አንድ የሰናይት ወዳጅ ኳሱ የት ደረሰ ብለው ጠየቁት። «አልበቃሁም» አላቸው፣ ፈገግ ብሎ፣ በእርጋታ። «ሰው ሁሉ ረድቶኛል፤ አክስቴ እንኳን ስንት ወረቀት አንብባልኛለች። እኔ ነኝ ያልበቃሁት።» አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሳህኔን ይዤ ነበር። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ምን ነበረበት? ልጅ አልበቃሁም ብሎ ስለ ራሱ ሲፈርድ ፍርዱን ያስፈረደችው ሴት ሰላጣ ትበላለች? በላሁ።

ለንስሐ አባቴ በየዓመቱ እናዘዛለሁ። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሰው መቆጣቴን ነግሬያቸዋለሁ። «ሌላስ፣ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም፣ አባቴ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ፊትም ጤነኛ ነኝ የሚለው ላይ እፈርማለሁ።

ያለፈው ሚያዝያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቤል መጣ። ፖስታ ይዟል። ዌርሃውሱ ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ትከሻው ተጎድቷል፤ ክንዱን ከደረቱ ላይ አላነሳውም። ሱፐርቫይዘሩ ደህና ነኝ ብለህ ፈርምና ሰኞ ግባ ብሎታል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፣ መነጽሬን ከመደርደሪያው አንስቶ አቀበለኝ።

«አክስቴ፣ የቱን ቼክ ላድርግ?»

መነጽሬን አላደረግኩም። መጀመሪያ ሌላ ወረቀት አለ አልኩት። ተነስቼ የተጫዋቾች መመሪያውን ከመጽሐፎቹ ሥር አወጣሁ፤ በእርሳስ ያሰመርኩበትን ገጽ ከፍቼ ፊቱ አኖርኩት። ከዚያ ለእርስዎ የነገርኩዎን ሁሉ ነገርኩት፤ እርሳሱን፣ ፎርሙን፣ «ና» ያልኩትን፣ አንሶላውን ሳይቀር። ይቅር በለኝ አላልኩትም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መልስ ይፈልጋል፤ ከእሱ ሌላ ነገር ልወስድ አልፈለግኩም። ከእርስዎም አልጠይቅም።

ገጹን አየው።

«ያን ቀን ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ብቆይ እገባ ነበር እንዴ?»

«አላውቅም» አልኩት። በወረቀት ነገር አላውቅም ስለው ያ የመጀመሪያው ነበር።

አልተቆጣም፤ አላቀፈኝምም። በደህናው እጁ የዌርሃውሱን ፎርም ከፊቴ ሳብ አደረገው፤ ወደ ራሱ አዞረው። ጣቱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጦ ለራሱ ማንበብ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከግርጌ እስካለችው ደቃቅ ጽሑፍ ድረስ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪጨርስ ጠበቅኩ።