ተመልሶ ያልመጣው ሻማ

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሼ ነበር። መብራቱ ሲመጣ እፍ አልኩበት፤ የክሩ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሌላው ሰው አደይ አበባ ሲሸተው፣ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸተው ልጅነቱ ትዝ ይለዋል። እኔ የጠፋ ሻማ ሲሸተኝ ቅናቴ ነው ትዝ የሚለኝ። አትፍረዱብኝ፤ ስጨርስ የፈለጋችሁትን ትላላችሁ።

አባቴ ደሴ ውስጥ የአንዲት ትንሽ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ ነበር። እናቴን በሕፃንነቴ ስለቀበርን ቤታችን ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። አዳራሻችን ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ የቆመ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ከጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲወርድ ውስጡ ድረስ ይገባ ነበር። በከተማው ውስጥ ጥቂት ነበርን፤ ግን የራሳችን የሆነ ልማድ ነበረን። የስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሌላው ክርስቲያን ሲሰግድ፣ እኛ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ጋርደን ስለ ክርስቶስ የተነገረውን ትንቢት እናነብ ነበር። በዚያ ዓመት የሃይማኖት ትምህርታቸውን የጨረሱ ልጆች ሻማ ይዘው ፊት ይቆማሉ። አንዱ ከዘካርያስ፣ አንዱ ከመዝሙር ያነብና ሻማውን እፍ ብሎ ይቀመጣል። አዳራሹ በየንባቡ ይጨልማል። መጨረሻ የሚነበበው ከኢሳይያስ ነው፤ ስለ እኛ የቆሰለው የዚያ አገልጋይ ታሪክ። ያንን ያነበበ ልጅ ግን ሻማውን አያጠፋም። እንደበራ ይዞት ዕቃ ቤት ይገባል፤ እኛ ለጥቂት ጊዜ ጨለማ ውስጥ ዝም እንላለን፤ ከዚያ ብርሃኑን ይዞ ይመለሳል። ሞት ሊያስቀረው አልቻለም ለማለት ነው።

ያ ንባብ የእኔ ነበር። የሰጠኝ ሰው የለም፤ ግን የእኔ ነበር። አባቴ ስብከቱን ሲያዘጋጅ ከጎኑ ቁጭ እያልኩ ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤዋለሁ። እሱ አንድ ቃል ሲጀምር እኔ እጨርስለት ነበር፤ ያኔ ከመነጽሩ በላይ አየት አድርጎኝ ፈገግ ይላል። ለዚያች ፈገግታ ስል ኢሳይያስን ሁሉ በቃሌ ብይዝ አይከብደኝም ነበር።

ከዚያ የኮምቦልቻዋ ልጅ መጣች። አባቷ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። እዚያ የሚያስተምራት ስላልነበረ አርብ አርብ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥታ ትመጣና እሑድ እስኪያልቅ እኛ ቤት ትቆያለች፤ የምትተኛውም እኔ አልጋ ላይ። የቆላ ልጅ ስለሆነች የደሴ ብርድ ያንዘፈዝፋታል፤ አባቴም የእኔን ሹራብ አውጥቶ አለበሳት። ከእኔ ይልቅ አማረባት። ማንበብ ላይ ቀስ ትላለች፤ ያልገባት ነገር ሲኖር ትምህርቱን አስቁማ «አባባ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ፣ ምሳውን እስኪረሳ ድረስ ያስረዳታል። እኔ ሁሉም ስለሚገባኝ የምጠይቀው አልነበረኝም።

የኢሳይያስን ንባብ ለእሷ ሰጣት።

«ለምን ለእሷ?» አልኩት።

«አንቺማ ታውቂዋለሽ» አለኝ።

ይሄ መልስ ነው? ስለማውቀው ልከለከል? ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ የእኔ ያን ሰሞን ዱቄት ሆኖ ነበር። እሷ ማኩረፌን አይታ «አብሽሪ፣ አንቺም ደስ የሚል ደረሰሽ እኮ» ስትለኝ ደግሞ ባሰብኝ። የደረሰኝ ከሚክያስ ሁለት መስመር ነበር።

ስቅለት ደረሰ። ሁለት መስመሬን አንብቤ ሻማዬን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። እሷ በተራዋ ቀስ ብላ አነበበችና ሻማዋን ይዛ ዕቃ ቤት ገባች። ጨለመ። ጠበቅን። አንድ ሰው አሳለ። አሁንም ጠበቅን። በመጨረሻ በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ፤ ብርሃን ግን የለም። አጥፍታው ነበር።

«የት አለ ሻማው?» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«አጠፋሁት፣ አባባ። እሱ ሞቶ የእኔ ሻማ ይበራል እንዴ?»

እሰይ! ስለቴ የሰመረ መሰለኝ። ጨለማ ባይሆን ኖሮ ጥርሴ ያጋልጠኝ ነበር። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ወንጌላዊ፣ ክብሪት ይዣለሁ፤ ላብራ?» አሉ።

«ይቆይ፣ አባቴ» አለ አባቴ። «ትንሽ እንቀመጥ።»

እዚያው ጨለማ ውስጥ፣ ወረቀት ሳይዝ ተናገረ። «እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ ከመስቀሉ ሥር ቶሎ እንነሳለን። ደቀ መዛሙርቱ ግን አያውቁም ነበር። ነቢዩ የተናገረው እዚያው ፊታቸው ሲፈጸም ሁሉም ነገር ያለቀ ነው የመሰላቸው። እግዚአብሔር ትልቁን ሥራውን የሠራው ማንም ሊያየው በማይችልበት ቦታ ነው። የሠራውም ለአንተ ነው፤ ለአንቺ ነው።» ሰዎች ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር። እኔ ግን ያ «ለአንቺ» ለእሷ ብቻ የተባለ መስሎኝ ጆሮዬን ደፈንኩ። አባቴ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሰብኮ አያውቅም፤ ያሰበከው ደግሞ የእሷ ስህተት ነው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ልማዱ ተለወጠ። ሻማው ዕቃ ቤት ገብቶ ይጠፋል፤ እስከ ትንሣኤ ጠዋትም አይበራም። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የጨረሱት ልጆች ስላልበቁ ንባቡ ለእኔ ደረሰኝ። አንዲት ቃል ሳልስት በቃሌ አወጣሁት፤ ዕቃ ቤት ገብቼ ሻማዬን እፍ አልኩ። ማንም አላለቀሰም። ያቺ ተሳስታ ሥርዓት ሆነች፤ እኔ ሳልሳሳት የሚያስታውሰኝ የለም።

አባቴ አምና አረፈ። ወደ መጨረሻው ዓይኑ ደክሞ ሰው ይምታታበት ነበር። የማስታምመው እኔ ነበርኩ፤ ባል አላገባሁ፣ ከቤቱም አልወጣሁ። የኮምቦልቻዋ ልጅ፣ አሁን የልጆች እናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓፓያ ይዛ ትመጣለች። ድምፅዋን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። ሳምንቱን ሙሉ እያጎረስኩት ያልተፈታ ፊት! በዚህ ዕድሜዬም ጓዳ ገብቼ ዕቃ አንኳኳ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዝናብ መንገዱን ዘግቶት ቀረች። ሾርባ ይዤለት ገባሁ።

«መጣሽ?» አለኝ። «መንገዱ እንዴት ነበር?»

የመጣሁት ከጓዳ ነው። እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው አልቻልኩም። እኔ «አባዬ» ነበር የምለው።

«ደህና ነበር፣ አባባ» አልኩት።

እጄን ፈልጎ ያዘ። ጓዳ ያለ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄን አደራ» አለኝ። «ቀናተኛ ናት፤ አውቃለሁ። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። እኔ ስሄድ ብታመናጭቅሽም፣ በር ብትዘጋብሽም፣ መምጣትሽን እንዳትተዪ።»

«እሺ፣ አባባ» አልኩት። «እመጣለሁ።»

እጄን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው።